ሠላሳ ሰባት እስፒል

የቀኝ እግሬ አውራ ጣት ከእኔ ጋር ሃምሳ ስምንት ዓመት ሲኖር አንድም ቀን ክፉ ቃል ተነጋግረን አናውቅም። እሱ ጫማዬ ውስጥ፣ እኔ ከጫማዬ በላይ፣ በሰላም ኖረናል። ዘንድሮ አዲስ ጫማ ገዛሁና ጠቡ ተጀመረ። ጫማው ላጠው፤ የተላጠው ቆሰለ፤ ቁስሉም አልድንም ብሎ ድርቅ አለ። እኔም ነገ ይሻለዋል፣ ከነገ ወዲያ ይሻለዋል እያልኩ አንድ ወር አስታመምኩት። በመጨረሻ ባለቤቴ ካልሲዬን ስታጥብ ያየችውን አየች። እጄን ይዛ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ።

ሐኪሟ ዕድሜዋ ከመጨረሻዋ ልጄ አይበልጥም። መነጽሯን ወደ አፍንጫዋ ጫፍ አወረደችና ጣቴን አገላብጣ አየችው። ከዚያ ደሜን አስመረመረች። ውጤቱ ሲመጣ ግንባሯ ተኮማተረ።

«አባባ፣ ሥራዎ ምንድን ነው?»

«ኬክ ጋጋሪ ነኝ።»

«ኬክ!» አለችና ውጤቱን እንደገና አየች። አስተያየቷ አልጣመኝም።

ስኳሬ ሦስት መቶ አርባ ነበር። እኔ በቁጥሩ አልደነገጥኩም፤ የባለቤቴን ፊት ሳይ ነው የደነገጥኩት።

«ስምንት ሳምንት አለን» አለች ሐኪሟ። «ስኳሩ ካልወረደ ቁስሉ አይድንም። ቁስሉ ካልዳነ ደግሞ፣ አልሸሽግዎትም፣ ጣቱ ይቆረጣል። እሱም በጣት ካበቃ ነው።»

ኪኒን አዘዘችልኝ። የሚበላና የማይበላ የተጻፈበት ወረቀት ሰጠችኝ። ከመሳቢያዋም አንድ ደብተር አወጣችና «ወደ አፍዎ የሚገባውን ሁሉ እዚህ ይጻፉልኝ» አለችኝ። «እሺ ልጄ» ብዬ ወጣሁ።

አንድ ጣት ቢሄድ ምን አለበት የሚል ሰው ካለ፣ እኔና ባለቤቴ እንዴት እንደምንኖር ስለማያውቅ ነው። እሷ ልብስ ሰፊ ናት። ሱቋ እኔ ከምሠራበት ኬክ ቤት ሁለት በር አልፎ ነው። ከቤታችን እስከዚያ አርባ ደቂቃ ያስኬዳል፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ጠዋትና ማታ አብረን በእግራችን ሄደነዋል። ትዳራችን ያለው እዚያ መንገድ ላይ ነው። ልጆች እንዳይሰሙ ብለን ቤት ውስጥ መጣላት ድሮ ስለተውን፣ የቀኑን ጠብ በሙሉ በእግር ነው የምንጨርሰው። ድልድዩ ላይ ስንደርስ ይጋጋላል። መድኃኒት ቤቱ ጋ ስንደርስ ጥላኝ ወደፊት ትሄዳለች። ሱቋ በር ላይ ቆማ ትጠብቀኝና ኮሌታዬን አስተካክላልኝ እንለያያለን። ሠላሳ አንድ ዓመት ኮሌታዬ ተጣሞ ሥራ ገብቼ አላውቅም።

ጣቴ ከታመመ ወዲህ ግን በአውቶቡስ ሆነ። አውቶቡስ ውስጥ ደግሞ መጣላት አይቻልም፤ ሰው ጆሮውን ያቆማል። እናም ጠባችን ይጠራቀም ጀመር። ያለ አውራ ጣት ሰው እንደ ልቡ አይራመድም። እኔ ደግሞ ቀሪ ዕድሜዬን ከሚስቴ ጋር በዝምታ በአውቶቡስ እየተመላለስኩ ልጨርሰው ነው? ይሄ ነበር ያስፈራኝ፤ ሞት እንኳን እንደዚያ አላስፈራኝም።

ስለዚህ ወደ እግዚአብሔር ሄድኩ። እኔና እግዚአብሔር በደንብ የምንገናኘው ማዕድ ላይ ነው። አባቴ ግንበኛ ነበር፤ እጁ ከድንጋይ የከበደ። ከጸሎት በፊት እጄን ወደ ዳቦ ከሰደድኩ ያንን እጁን በእጄ ላይ ያሳርፍና «ገና ምግብ አልሆነም» ይለኝ ነበር። ካልተጸለየበት ምግብ አይባልም ማለቱ ነው። ጸሎቱም አጭር ናት፦ «ጌታ ሆይ፣ ስለ ሰጠኸን ተመስገን። ላጡትም ስጣቸው። ይህንን ለሥጋችን ጤና አድርግልን። አሜን።» እሷን በቀን ሦስት ጊዜ ለሃምሳ ዓመት ብያታለሁ። ያን ዕለት ማታ ግን ሌላ ጨመርኩባት። «ጌታዬ፣ ከዛሬ ጀምሮ ምን እንደምበላ አንተ ምራኝ። እኔ በገዛ አፌ አልታመንም።»

ከዚያ ወዲያ እንዴት ያለ ጨዋ ሆንኩ መሰላችሁ! ጠዋት አንድ ቅቅል እንቁላልና ግማሽ ቁራጭ ጥቁር ዳቦ። ምሳ ምስርና ጎመን። እራት ደግሞ፣ ለለውጥ ያህል፣ ጎመንና ምስር። ባለቤቴ ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ለጥፋ እያየች ታበስላለች። እኔ እጸልያለሁ፣ እበላለሁ፣ ደብተሬን አውጥቼ በቆንጆ ጽሕፈት እጽፋለሁ። ሁለት ሳምንት እንዲህ ሆኜ ስመለስ ሐኪሟ ታጨበጭብልኛለች ብዬ ነበር።

ስኳሩ ሦስት መቶ ሃምሳ ሁለት ሆኖ ጠበቀኝ።

ሐኪሟ ደብተሩን አየች፤ ውጤቱን አየች። «አባባ፣ ደብተርዎ የመነኩሴ ነው። ደምዎ ግን የሠርግ ቤት ነው። አንዳቸው ይዋሻሉ።»

«ልጄ፣ እኔ አልዋሽም!» ደሜ ፈላ።

በአውቶቡስ ስንመለስ ባለቤቴ በመስኮት ወደ ውጭ እያየች በሹክሹክታ «ተደብቀህ ትበላለህ» አለችኝ።

«በልጆቼ እምላለሁ!» ብዬ ስጮህ ከፊታችን ያለው ሰውዬ ዞረ። ዝም አልን። እሷ ግን ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። ያ ነገር አንጀቴን በላው፤ ምክንያቱም በእኔ ልብ እውነቴን ነበር። ማታ ለእግዚአብሔርም አቤቱታዬን አቀረብኩ። «ምራኝ አልኩህ፤ ወደ ጎመን መራኸኝ፤ ጎመኑን በላሁ። ታዲያ ምነው?» መልስ የለም። የጎረቤት ውሻ ብቻ ጮኸ።

በማግሥቱ ጠዋት ኬክ ቤት እንደገባሁ ባለቤቴ ያልተጨረሰ ቀሚስ ክንዷ ላይ ጥላ ተከትላኝ ገባች።

«ዛሬ እዚህ ነው የምሰፋው።»

«ለምን?»

«ሱቄ ብርሃን የለውም።»

ሱቋ በሁለት በኩል መስኮት አለው። ግን እኔም ነገር መጨመር አልፈለግኩም። ከዱቄቱ ጆንያ አጠገብ በርጩማ አስቀመጥኩላት።

ወጥ ቤታችን ረጅም ነው። በዚህኛው ጫፍ እኔና ክሬም መምቻው ማሽን፣ በመካከል ምድጃው፣ በዚያኛው ጫፍ ዳቦ ጋጋሪው። ይሄን ሰው «ጨው» ብዬ የጠራሁት እኔ ነኝ፤ ጣፋጭ ነገር ወደ አፉ አያቀርብም፣ ሻዩን እንኳን ያለ ስኳር ነው የሚጠጣው። እሱ ደግሞ «ጋሼ ሽሮፕ» ይለኛል፤ ኬክ በምናርስበት የስኳር ውሃ መጥራቱ ነው። ሃያ ዓመት አንድ ምድጃ ስንጋራ አንድም ቀን ሳይነካካኝ አልዋለም።

«እትዬ፣ ዛሬ ሊቆጣጠሩት መጡ?» አላት።

«እኔ ቀሚስ ልሰፋ ነው የመጣሁት» አለችና መርፌዋን አነሳች።

እኔም ሥራዬን ጀመርኩ። እንቁላሉን መታሁ፣ ዱቄቱን ነፋሁ፣ ሊጡን በጣቴ ጫፍ ቀመስኩ። ክሬሙን በማንኪያ። ሽሮፑን በማንኪያ። ቸኮላቱ ሲቀልጥ አንዴ፣ ሲወፍር አንዴ፣ ሲበርድ አንዴ። ኬኩ ሲወጣ ጀርባው ጉብ ስለሚል በቢላ ይስተካከላል፤ የተቆረጠው ሙቅ ቁራጭ የት እንደሚሄድ ማንም ኬክ ጋጋሪ ያውቃል። እያንጎራጎርኩ ነበር የምሠራው። ባለቤቴ ቀና ትላለች፣ ዝቅ ትላለች፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ስፌቷን እየለካች መስሎኝ ነበር።

ስድስት ሰዓት ላይ «እስቲ ና» አለችኝ። እጅ አንጓዋ ላይ የምታስራትን፣ እስፒል የምትሰካባትን ትንሽ ትራስ ፈታች። ጠዋት ባዶ የነበረችው ትራስ አሁን መሰኪያ ቦታ አጥታለች።

«ቁጠር» አለችኝ።

ቆጠርኩ። ሠላሳ ሰባት።

«ምንድን ናቸው?»

«አፍህ ናቸው። አንድ ነገር አፍህ በገባ ቁጥር አንድ ሰካሁ። ደብተርህን አምጣና ዛሬ ጠዋት ምን በላሁ ብለህ እንደጻፍክ አንብብልኝ።»

ማንበብ አላስፈለገም። አንድ እንቁላል፣ ግማሽ ቁራጭ ዳቦ።

«ይሄ መብላት አይደለም እኮ!» አልኩ። «መቅመስ ነው! ሥራ ነው! ቆሜ ነው!»

ጨው ከሊጡ ላይ ቀና ሳይል «ጋሼ ሽሮፕ፣ ቆሞ የተበላ ቶሎ ወደ እግር ይወርድ ይሆናል» አለ።

«አንተ ዝም በል! ደግሞም ሠላሳ ሰባት አይደለም። የሠራሁትን አውቃለሁ። ሠላሳ ስድስት ነው!»

«ሠላሳ ሰባት» አለች ባለቤቴ።

«ሠላሳ ስድስት!»

«እሺ፣ ይሁን። አልከለክልህም። ጎልማሳ ሰው ነህ፣ ሥራህም ነው።» ማንኪያ አነሳችና ከክሬሙ ሞልታ ሰጠችኝ። «ብላ። ግን አባትህ እንዳስተማሩህ ጸልይበት።»

«ምግብ አይደለም አልኩሽ።»

«ከአፍህ አልፎ ሆድህ ይገባል?»

«ይገባል።»

«እንግዲያው ጸልይበት።»

በእልህ ቆቤን አወለቅኩ። ማንኪያውን ወደ ላይ ያዝኩ። «ጌታ ሆይ፣ ስለ ሰጠኸን ተመስገን። ላጡትም ስጣቸው። ይህንን ለሥጋችን...»

ቆምኩ። «ጤና» የምትለዋ ቃል ጉሮሮዬ ላይ ቆማ አልወጣ አለች። ክሬሙን አየሁ። ከሽርጤ በታች በፋሻ የተጠቀለለውን ጣቴን አየሁ። እንደገና ሞከርኩ። «ይህንን ለሥጋችን...» አልሆነም። እግዚአብሔርን ፊት ለፊት እያየሁ ይሄን ለሥጋዬ ጤና አድርገው ልለው? ክሬሙ ከማንኪያው ተንሸራቶ መሬት ላይ ጠብ አለ። መጀመሪያ የሳቀው ጨው ነው። ከዚያ እኔ። ሆዴን ይዤ ሳቅሁ፤ ስስቅ ስስቅ እንባዬ መጣ፤ እንባው ደግሞ የሳቅ ብቻ አልነበረም፤ አፈርኩ። ለካ መልሱን ይዤው ነው መልስ አጣሁ ያልኩት። ምሪት ፍለጋ ሰማይ ሰማይ ሳይ፣ ምሪቱ ሃምሳ ዓመት ሙሉ በገዛ አፌ ሲባል ኖሯል። እኔ ደግሞ ተቀምጬ ስበላ ብቻ እየጠራሁት፣ ቆሜ ስበላ በሩን እዘጋበት ነበር።

ማንኪያውን ማጠቢያው ውስጥ ወረወርኩ። ባለቤቴ ቀሚሷን አጣጥፋ፣ ኮሌታዬን አስተካክላልኝ ወደ ሱቋ ሄደች።

ግን ሳይቀምሱ ኬክ እንዴት ይሠራል? የመጀመሪያ ሁለት ቀን ባማረኝ ቁጥር ቆሜ መጸለይ ጀመርኩ። ገና ሦስት ሰዓት ሳይሆን አሥራ አንድ ጊዜ ጸለይኩ፤ አሥራ አንዴም እዚያችው ቃል ላይ ቆምኩ። በዚህ መሀል አንድ ትሪ ብስኩት አረረ። አሠሪያችን ጭንቅላቷን በበሩ አስገብታ «ምንድን ነው የሚሸተው?» ብትል፣ ጨው «የጋሼ ጸሎት ነው፣ እያረገ ነው» ብሎ መለሰላት።

በሦስተኛው ቀን እጄን ሰጠሁ። ለጨው እጅ መስጠት ከጎመን ይመራል፤ ግን ዋጥኩት።

«ስማ» አልኩት፣ «ምላስህን አውሰኝ።»

«የእኔ ምላስ ከዳቦ ሌላ የሚያውቀው የለም።»

«ለዚህ ነው የፈለግኩት።»

ቆቡን አወለቀ። «ጌታ ሆይ፣ ከዚህ ሰውዬ ክሬም አድነኝ» አለና ቀመሰ። ፊቱ መራራ መድኃኒት እንደጠጣ ሕፃን ተጨማደደ።

«እንዴት ነው?»

«ጣፈጠ።»

«ምን ያህል?»

«በጣም።»

ሽሮፑንም «በጣም» አለው። ቸኮላቱንም «በጣም»። ተናደድኩና ከስኳሩ ትንሽ ቀነስኩ። «በጣም።» ደግሜ ቀነስኩ። «አሁንም በጣም።» በአምስተኛው ቀን አንድ ክሬም ቀመሰ። ከዚያ ማንኪያውን መልሶ ነከረ። «ይሄስ ደህና ነው» አለ። ሃያ ዓመት ስንኖር ከአፉ የወጣ የመጀመሪያ ምስጋና ነው። ያንን ኬክ እየፈራሁ ወደ መደርደሪያው አወጣሁት። በየሳምንቱ ቅዳሜ አንድ ኬክ የሚገዙ አንዲት እናት አሉ። ጠዋት ገዝተው ከሰዓት ተመለሱ። ቅሬታ ነው ብዬ ስጠብቅ ሌላ ጨምሩልኝ አሉ። «ዛሬ የእንቁላሉም የቅቤውም ጣዕም መጣልኝ» አሉኝ። ሠላሳ ዓመት የስኳር ክምር ሥር ቀብሬው ኖሬ!

ደብተሬም ተለወጠ። ጽሕፈቱ ተበላሸ፣ እውነቱ በዛ። «ረፋድ፦ ቸኮላት አማረኝ፤ ጸለይኩ፤ ተውኩ።» «ከሰዓት፦ የኬክ ቁራጭ፤ ጸለይኩ፤ ቢሆንም በላሁ፤ ተጸጸትኩ።» መልአክ አልሆንኩም፤ ግን አልደበቅኩም። ደግሞ አንድ ጉድ ልንገራችሁ። በአራተኛው ሳምንት እራት ላይ ካሮት ስበላ ጣፋጭነቱ አስደነገጠኝና ማንኪያዬን አስቀመጥኩ።

«አንቺ ሴት፣ ስኳር ጨምረሽበታል!»

«ውሃና ጨው ብቻ ነው» አለችኝ።

አላመንኳትም። ተነስቼ ጥሬውን ካሮት ቀመስኩ። እሱም ይጣፍጣል። ያን ምሽት ሦስት ካሮት ቆረጣጠምኩ፤ ሦስቱንም ጸልዬባቸው።

ስምንተኛው ሳምንት ደረሰ። ሐኪሟ ፋሻውን ስትፈታ እኔ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየሁ፤ ባለቤቴ እኔን አየች።

«አባባ» አለች ሐኪሟ፣ «ይዩት እንጂ።»

ቁስሉ ገጥሟል። አዲስ፣ ስስ ቆዳ ለብሷል። የደሙም ውጤት መጣ፤ መቶ ሃያ ስምንት። ሐኪሟ ደብተሬን ገልጣ «ተጸጸትኩ» የሚለው ላይ ስትደርስ መነጽሯን አውልቃ ሳቀች። «ደብተሩና ደሙ ታረቁ» አለች። ከዚያ ኮስተር ብላ፣ ኪኒኑን እንዳላቋርጥ፣ እግሬን በየቀኑ እንዳይ፣ ሰፊ ጫማ አድርጌ ቀስ እያልኩ እንድራመድ አዘዘችኝ። «እንድራመድ» የምትለዋን ሁለት ጊዜ አስደገምኳት።

ሐኪም ቤቱ ሥራችን ካለበት መንገድ ብዙ አይርቅም። ማቆሚያው ጋ ስንደርስ አውቶቡሱ መጣ። በሩ ተከፈተ። ባለቤቴ እኔን አየች፤ እኔ ጫማዬን አየሁ። አውቶቡሱ በሩን ዘግቶ ሄደ፤ እኛም በእግራችን ጀመርን።

የሦስት ወር ጠብ ነበር የተጠራቀመው። «በመጀመሪያው ሳምንት ጎመኑን ለበግ ስጪው ያልከኝን አስታውሳለሁ» ብላ ጀመረች። እኔም አልተኛሁላትም፤ ስለ ግድግዳው ወረቀት፣ ስለ እህቷ ምክር፣ ስለ ሁሉም አነሳሁ። መንገደኛው እየዞረ ያየናል። እንዴት ደስ ይል ነበር! መድኃኒት ቤቱ ጋ ስንደርስ ዋናዋን አወጣሁ።

«ደግሞም ሠላሳ ስድስት ነበር።»

ይህ ቦታ ጥላኝ የምትሄድበት ነበር። አልሄደችም። ቆመች፤ ቦርሳዋን ከፈተችና ያቺን ትራስ አወጣች። እስፒሎቹ እንደተሰኩ ናቸው።

«እስካሁን አልነቀልሻቸውም?»

«ሌላ ገዝቼ ነው የምሠራው።»

«ለምን?»

አንዷን እስፒል በጣቷ ዳሰሰች። «ያን ቀን እያንዳንዷን ስሰካ፣ ‹ለሥጋው ጤና አድርግለት› እያልኩ ነበር። አንተ ሳትጸልይ የጎረስከውን ሁሉ እኔ ጸለይኩበት። መልሱን ሳላይ እንዴት ልንቀላቸው?»

ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ የነበረው ለዚህ ነው። እኔ ያለ ጸሎት የበላሁ የመሰለኝ አንድም ጉርሻ ያለ ጸሎት አላለፈም። እጇን ያዝኩ። ግን እኔ እኔ ነኝ፤ ከዚያ ሳንንቀሳቀስ አላስቻለኝም።

«ታዲያ ሠላሳ ሰባተኛዋስ?»

ወደ መድኃኒት ቤቱ መስኮት ዞረች። ጆሮዋ ቀላ።

«እሷ የእኔ ናት። ወደ ምድጃው ዞር ስትል ከቸኮላቱ ቀመስኩ።»

«ጸለይሽበት?»

«የት ጊዜ ነበረኝ!»

መድኃኒት ሻጩ በሩ ላይ ወጥቶ እስኪያየን ድረስ ሳቅን። ከዚያ እስከ ቤታችን እየሄድን እስፒሎቹን አንድ በአንድ ነቀለች፤ በእያንዳንዷ «ተመስገን» እያለች። ድልድዩ ላይ ሃያ ያህል ቀርተው ነበር። በራችን ላይ ስንደርስ አንዲት ብቻ ቀረች። ትራሷን ወደ እኔ ዘረጋችልኝ።

ቆቤን አወለቅኩ። «ጌታ ሆይ፣ ስለ ሰጠኸን ተመስገን። ላጡትም ስጣቸው። ያንንም ቸኮላት ለሥጋዋ ጤና አድርግላት። አሜን።»

«ጤና» የምትለዋ ቃል ጉሮሮዬ ላይ ሳትቆም ወጣች። እስፒሏን ነቀልኩና ሰጠኋት። ቤት ገብተን ጫማዬን አውልቄ ጣቴን አየሁት፤ በመካከላችን ሰላም ነበር።